አያቴ የቀመሱት አፈር

አያቴ አፈሩን ሳይቀምሱ ዘርተው አያውቁም። ይጁቤ አጠገብ ካለው የገብስ ማሳቸው ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ያኖሩና እንትፍ ይላሉ። «ኮምጥጧል» ካሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን የምድጃ አመድ በቅርጫት ተሸክመው ይበትኑበታል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አንድ ክረምት ሳቅሁባቸውና የሊትመስ ወረቀት ይዤ ሄድሁ። አፈሩን በዝናብ ውሃ በጥብጬ ሰማያዊውን ወረቀት ብነክረው ቀላ፤ አሲድ ነው። አመዱን በጥብጬ ቀዩን ብነክረው ሰማያዊ ሆነ፤ ቤዝ ነው። ቤዝ አሲድን እንደሚያለዝብ እኔ በሰሌዳ የምጽፈውን፣ ለካ እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ሲበትኑት ኖረዋል።

«አባባ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ገብሱ ነዋ! አንቺ ለወረቀት ታቀምሻለሽ፤ እኔ ራሴ እቀምሳለሁ።»

አርባቸው በወጣ ማግስት ማሳው ላይ ቆምሁ። የዘንድሮው አመድ ጓሮ እንደተቆለለ ነው፤ የሚሸከመው የለም። ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ከአፈሩ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አኖርሁ። ይኮምጥጥ አይኮምጥጥ መለየት አቃተኝ።

«አባባ» ብዬ ዞር አልሁ።