ጉብታው ላይ ያረጀው ስልክ

ወንድሜ ያን ዓርብ ጉብታው ላይ ቆሞ ስልኩ ውስጥ ምን አየ? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንስቼ እንደጣልኩት አላውቅም። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ይሁን ተፈጥሮዬ ሆኖ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ አልፌ መሄድ አልችልም፤ ገጹን አጥፌ እመለስበታለሁ። ወደዚህኛው ግን ስንቴ ብመለስ ያው ነው።

ሰሞኑን የቀሰቀሰችብኝ ሕይወት ናት። ሕይወት የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሚዛን ተፈሪ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ያመጣሁትን የተገነጠለ መጽሐፍ በሙጫ እያያያዝኩ ሳለ ስልኳን አልጋው ላይ ወረወረችና፣

«አክስቴ፣ ይሄ ስልክ እኮ አረጀ» አለችኝ።

አባቷ የገዛላት ለገና ነው። ይህን ስትል ክረምቱ ገና አልገባም።

«ምኑ ነው ያረጀው?»

«ሁሉ ነገሩ! ቀስ ይላል። የክፍሌን ልጆች ስልክ ብታዪ እንዲህ አትዪም።»

«ሲገዛልሽ አቅፈሽው አድረሽ የለም እንዴ?»

«ያኔ አዲስ ነበራ!»

እጄ ሙጫው ላይ ቀረ። ቃሉ፣ አነጋገሩ፣ ትከሻዋን ሰበቅ ማድረጓ ሳይቀር የአባቷ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ቀበሌ ነበር፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደለና እኔ። አባታችን ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላክ የማይወድ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት፣ ጋሼ ታደለ ልቅሶው እንዳበቃ እጄን ይዞ ወስዶ አስመዘገበኝ። አንደኛ ክፍል ስገባ ቁመቴ ከመምህሩ ትከሻ ይደርስ ነበር። ልጆቹ «እማማ መጡ፣ ቦታ ልቀቁላቸው!» እያሉ ይሥቁብኛል። እኔ ደብተሬን ከፍቼ ቁጭ እላለሁ። ቤት ስገባ ጋሼ፣ «ዛሬስ ምን አሉሽ?» ይለኛል። ስነግረው እሱም ይሥቃል፤ የእሱ ሣቅ ግን አያሳፍርም ነበር። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ልወስድ ስቃረብ፣ እኩዮቼ የልጆቻቸውን እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ያደርሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ የደረቀው ቡና ተሽጦ ጋሼ ሚዛን ሄዶ ስልክ ገዝቶ መጣ። በቀበሌያችን የመጀመሪያው ባይሆንም፣ ትልቁና የሚያብለጨልጨው የእሱ ነበር። እንግዳ እንደመጣ ሁሉ ቤታችን በሰው ሞላ። አሮጊቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ፎቶ ተነሱ፤ ምስላቸውን ሲያዩ፣ «እኔ እንዲህ ሆኛለሁ?» ብለው ደነገጡ። ጋሼ የቡና ገለፈት የነካ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ስልኩን አይነካም። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የመጣውን ላስቲክ አላነሳውም፤ ጠርዙ ተቆልምሞ፣ አቧራ ገብቶበት፣ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ እዚያው ነበር። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ሥራ ሲፈታ ወደዚያ ይወጣል። ከታች ሆኜ ሳየው ፊቱ በስልኩ ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል።

ስልኩ ያረጀበትን ቀን አውቀዋለሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ግርማ የሚባል ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ከሚዛን መጥቶ ቤታችን ገባ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ክፉ ነገሩን አላስታውስም። ሲቀመጥ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ሰፊ፣ ስስ፣ ጥቁር። ጋሼ የራሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበርና፣ ግርማ አንስቶ አገላበጠው።

«ይቺን ዘንድሮ ነው የገዛሃት?»

«ጥር ላይ። ምነው?»

«አይ፣ ጥሩ ናት። ግን የወጣችው ካቻምና ነው። አሁን አትመረትም፤ ሌላ ገብቷል።»

ጋሼ ሣቀ። ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ ይዤ ስገባ እጁ ኪሱ ላይ እንዳለ ነበር፤ የሚያመውን ቦታ የያዘ ይመስል ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ስልኩ ቀስ ማለት ጀመረ። ቢያንስ ጋሼ እንደዚያ አለ። ፎቶው ደበዘዘ፣ ቻርጁ ቶሎ አለቀ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። ስልኩ ላይ የተለወጠ ነገር እንዳልነበረ ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን እኔም አመንኩ። እማዬም አመነች። የቴፒ ጓደኞቼ ስለ ስልክ ሲያወሩ፣ «የኛ እንኳ አሮጌ ነው» ማለት ለመድኩ። ላስቲኩን ጋሼ ራሱ ላጠው።

ግርማ ሰኔ ላይ ሽማግሌ ላከ። ለእኔ ነው። ጋሼ ብዙ ሳያስብ መለሰላቸው፦

«ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ነው። ከመጣላት ትማራለች። ካልመጣላት እሺ ብያለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ወደ ጓዳ በሚደርስ ድምፅ፣ «ዕድሜዋም እየሄደ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ። ግርማ ደግሞ በሌላ ቀን መንገድ ላይ ጋሼን አግኝቶ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አዲስ ስልክ ሊያመጣለት ቃል ገባ። ይህን የነገረኝ ጋሼ ራሱ ነው፣ እየሣቀ። እኔ አልሣቅኩም።

ክረምቱን በሙሉ ዝናቡን እያዳመጥኩ አሳለፍኩት። በእኛ አገር ዝናብ ሲዘንብ ሌላ ድምፅ የለም፤ የጎደሬው ሰፋፊ ቅጠል እንደ ከበሮ ይመታል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ውጤት ወጣ የሚል ወሬ ደረሰን። ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን ቃል ሊሰሙ እሑድ እንደሚመጡ ልከው ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የመፈተኛ ቁጥሬን በእስክሪብቶ ጋሼ መዳፍ ላይ ጻፍኩለት፤ ሁለቴ አነበብኩለት። እሱም አነበበልኝ። ጉብታውን ወጣ።

እኔ ከታች ጎደሬ እልጣለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አልላጥኩም። መዳፉን እያየ በጣቱ ሲነካካ አየሁት። ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ከዚያ መስታወቱን በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አየ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀና አለ፤ ወዲያው ግን አልወረደም። ወደ ቤቱ፣ ወደ እኔ አቅጣጫ እያየ ቆመ። እጄን አወዛወዝኩለት። አልመለሰልኝም።

ሲደርስ፣ «እምቢ አለ» አለኝ።

«ኔትወርኩ?»

«ኔትወርክ አለ። ስልኩ ነው። አርጅቷል፤ ገጹን አይከፍትም።»

«እስካሁን ምን ስታይ ነበር ታዲያ?»

«ሲዞር ነዋ! ይዞራል፣ ይዞራል፣ ያቆማል።»

እማዬ ከደጃፉ ብቅ አለች። «ማታ ሲዘፍን ያመሸው ማነው? ሌላ ስልክ አለህ?»

«ዘፈን ሌላ ነው፣ እማዬ። ይሄ ሌላ ነው።»

መዳፉን አየሁ። ቁጥሩ የለም። ላብ ይሁን፣ ጠል የያዘ ቅጠል ይሁን፣ ወይ አሽቶት ይሁን፣ ሰማያዊ ጭረት ብቻ ቀርቷል።

«ነገ ሚዛን ሄጄ ልየው?» አልኩ።

«በዚህ ጭቃ? ሰኞ ይደርሳል።»

ሰኞ እሑድን አልፎ ነው የሚመጣው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ሊያየኝ አልቻለም፤ ወይም እኔ ሊያየኝ እንዳልቻለ መሰለኝ። ልዩነቱን ያኔም አልለየሁትም።

ቅዳሜ ማለዳ እማዬ ኮረሪማ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ጋሼ ገና አልተነሳም። «ቴፒ ገበያ ሽጪው» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቴፒ ካልቀናሽ ወዲያም ገበያ አለ፣ ዘኑዬ» አለችኝ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም።

ቴፒ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ውጤት የሚያወጣው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ባለቤት፣ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም» አለኝ። ኮረሪማዬን ግማሹን ሽጬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

«ሚዛን! ሚዛን! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ፤ እኔ ስገባ ግን አፍንጫውን ያዘ። «እህት፣ የያዝሽው ምንድነው? መኪናው ወጥ ወጥ ሸተተ እኮ!»

«ኮረሪማ ነው።»

«በይ እንጀራውን ሳታመጪ እንዳትወርጂ።»

ሰው ሣቀ። እኔ መስኮቱን አይ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘጋው። ወረድን። ወንዶቹ ገፉ፤ ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። የጋሼ ቃል ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቆቹ ቢዘጉስ? ጫማዬን አውልቄ እኔም ከኋላ ገፋሁ። አንድ ሰውዬ፣ «ልጄ፣ አንቺ ተዪው፣ ልብስሽ ይበላሻል» አሉኝ። አልተውኩትም። መኪናው ድንገት ሲለቅ ጭቃው እስከ ፊቴ ረጨኝ።

ሚዛን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ቤት በሩ ግማሹ ተዘግቶ ነበር። ልጅቷ ቁልፍ ይዛ ቆማለች።

«ውጤት ለማየት ነው» አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ስልክ የላችሁም?»

«አለን። አርጅቷል።»

«መቼ የተገዛ ነው?»

«ዘንድሮ።»

ሣቀች፤ ቢሆንም በሩን መልሳ ከፈተችው። ቁጥሬን በቃሌ ነገርኳት። ማሽኑ አሰበ። አጠገቧ ያለ ማራገቢያ ይንጫጫል። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«አልፈሻል። ያውም በጥሩ ውጤት። ምን ያስለቅስሻል?»

«አላለቀስኩም» አልኳት። ፊቴ ላይ የነበረው ጭቃ ሳይሆን አይቀርም።

አመሻሹ ላይ ቤት ስደርስ ጋሼ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የታተመውን ወረቀት ሰጠሁት። ስልኩን አውጥቶ፣ ባትሪውን አብርቶ አነበበው። እያንዳንዱን የትምህርት ዓይነት በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሲጨርስ አጣጥፎ መለሰልኝ።

«ደህና» አለ። የስልኩን መብራት አጥፍቶ፣ «ስልኩ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ስልኩ ነው አልኩሽ።»

ስለ ስልኩ ምንም አልጠየቅኩትም ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቆሞ ተቀበላቸው፤ ሳይቀመጡ፣ «ውጤቷ መጥቷል፤ ቃሌ ቃል ነው» አላቸው። ግርማ አልተቀየመም፤ በዓመቱ ሌላ አገባ። አዲሱ ስልክም አልመጣም። መስከረም ላይ አልጋዬንና መጻሕፍቴን ተሸክሞ ሚዛን ድረስ ያደረሰኝ፣ የቤት ኪራዩን የተከራከረልኝ ጋሼ ነው። ታዲያ ምኑን ልጠይቀው?

የሚቀጥለው ቡና ሲሸጥ ጋሼ ሌላ ስልክ ገዛ። አሮጌውን ከቆጮና ከአንድ ጣሳ ማር ጋር ይዞልኝ መጣ። «አርጅቷል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን ይሆንሻል» አለኝ። ሆነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በዚያው ስልክ ልሞክር አልኩ። ቁጥር የሚጻፍበትን ሳጥን ስነካው፣ ከሥሩ የቆየ ቁጥር ራሱ ብቅ አለ። የእኔ የአሥረኛ ክፍል ቁጥር። ገጹም ተከፈተ፤ ያ ስልክ በሁለት ዓመት አርጅቶ ሳለ ተከፈተ።

እኔ ደግሞ ነገር ሳላመዛዝን አልፈርድም። ቁጥሩ መኖሩ ጋሼ መጻፉን እንጂ መልስ ማግኘቱን አያሳይም። ያን ዓርብ አገር በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ተረባርቦ ነበር፤ ሊዞር ይችላል፤ ሊያቆም ይችላል። ሊከፈትም ይችላል። ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ አዲስ ስልክ የተገባለትም እሱ ነው። ሁለቱን ታደለዎች አንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም። ለእማዬም ሳልነግራት ሞተች።

ባለፈው ሳምንት፣ መጽሐፉ እስኪደርቅ ድንጋይ ጫንኩበትና ይህን ሁሉ ለሕይወት ነገርኳት። ለምን ለእሷ እንደሆነ አላውቅም። አባቷ ነው፤ ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ያን ስልክ አወጣች። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ከፍቶታል፤ አሁንስ የእውነት አርጅቷል።

«ሲሰጥሽ ፎቶዎቹ ነበሩበት?» አለችኝ።

«አንድም አልነበረም።»

«ዘፈኖቹስ?»

«እነሱንም አጥፍቷቸው ነበር። መልእክቶቹንም።»

ስልኩን እንደ ጠባብ መጽሐፍ አገላበጠችው።

«አባዬ ማጥፋት ያውቃል ማለት ነዋ፣ አክስቴ» አለች።

ያን ሁሉ ዓመት አየ ወይስ አላየም ስል፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ያን ቁጥር ብቻ የተወበትን ስልክ ለምን ለእኔ እንደሰጠኝ አንድ ቀንም አስቤ አላውቅም ነበር። ከውጭ ዝናቡ ጀመረ። ሕይወት የራሷን ስልክ ከአልጋው ላይ አንስታ፣ መስታወቱን በሸሚዟ ጠርጋ፣ «ልደውልለት?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። «ቅዳሜ ቴፒ ራሴ እሄዳለሁ።»