ካፖርቱ ላይ የተሰፋችው ቃል

ቡይት ራስ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ጨዋ ልጅ ባለፈው እሑድ ቤቴ ድረስ መጥቶ አሮጌውን ካፖርቴን ለመነኝ፤ ፈረንጆች እራት ሲበሉ እንዲያዩት ግድግዳ ላይ ልስቀለው አለ። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። የልጅ ልጄ ሰብለ ከሣጥኑ ስታወጣው፣ የጠመንጃ ቅባትና የአስታ እንጨት ጭስ፣ የስንት ክረምት ዝናብ የጠጣ ሱፍ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ሰብለ ደባርቅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ደረቱ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ በጣቷ እየዳሰሰች "ስካውት" ብላ አነበበችና፣ "አባባ፣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?" አለችኝ። እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠራሁበት ስም ነው፤ ትርጉሙን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። መንግሥት ጠመንጃና ካፖርት ሰጥቶ ዋልያ ጠብቅ ያለው ሰው ስካውት ነው፤ ሌላ ምን ይኖረዋል? እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከግራዝማች ቀጥሎ ያለ ማዕረግ መስሏት ዳባት ገበያ ላይ "ልጄ ስካውት ተብሎ ተሾመ" ስትል ሴቶቹ እልል አሉላት። እኔም አላረምኳት።

ሰብለ እንደ ግብረ ሕማማት የወፈረ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ ትተረጉምልኝ ጀመር፤ ጆሮዬ ስለደከመ ጮክ ብላ። ቃሏ አንድ፣ ትርጉሟ ብዙ ነው። ከጦሩ ቀድሞ የጠላትን ሰፈር የሚሰልል ወታደር ስካውት ነው። አንገታቸው ላይ ሻሽ አስረው ዱር የሚያድሩ ልጆችም ስካውት ናቸው። ጎበዝ ኳስ ተጫዋች ፍለጋ አገር ላገር የሚዞረውም እንዲሁ። እንግሊዝ አገር ደግሞ በአንድ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ክፍል የሚጠርገው፣ አልጋ የሚያነጥፈው አሽከር በዚሁ ስም ይጠራል ስትለኝ የእናቴ ሹመት ትዝ ብሎኝ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ከዚያ ወደ ቃሏ ትውልድ ሄደች። ከድሮ ፈረንሳዮች የመጣች ናት፤ መነሻዋም "ማዳመጥ" ነው አለች። ዝቅ ብሎ ደግሞ በፊደል አንድ የሆነች፣ በትውልድ ግን ከሰሜን ባሕር ሰዎች የመጣች ሌላ አለች፤ እሷ "አፊዞ እምቢ ማለት" ነው። "አባባ፣ ሰሙኝ?" "ሰማሁሽ፤ ድገሚልኝ" አልኳት። ሁለቱንም ያየሁት በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን ነውና።

ሳንቃ በር ላይ ለፓርኩ ጥበቃ ስቀጠር ጢሜ ገና ያላቀመቀመ ጎረምሳ ነበርኩ። ያስተማሩኝ ከጃናሞራ ወገን የሆኑ አያ ደስታው የሚባሉ ሽማግሌ ስካውት ናቸው። በመጀመሪያው ጧት ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጠው "ከታች ምን አለ?" አሉኝ። አፍጥጬ አየሁና "ምንም" ስላቸው፣ "በዓይንህ ነዋ የጠየቅኸው!" ብለው ቆቤን ዓይኔ ላይ ደፉብኝ። በጆሮ መለየትንም አስተማሩኝ፤ ጠጠር ሲወርድ ከወንፊት እንደሚፈስ ገብስ የሚንጣጣው ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲነጭ ነው፤ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም የሚለው፣ ቆይቶ እንደገና ቀጭ የሚለው ግን እግሩን አስቦ የሚጥለው ዋልያ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ፣ ሌሎቹ መነጽራቸውን ከተው ወደ እሳት ሲሰበሰቡ፣ አያ ደስታው ካፖርታቸውን ቆልፈው ሥራ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነበር።

ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ሁለት ክረምት ዕውርነታቸውን ከአለቃ ደበቅንላቸው። ስንሄድ ከፊት ሆኜ ኮረቱን ጠበቅ አድርጌ እረግጣለሁ፣ እሳቸው በኮቴዬ ድምፅ ይከተሉኛል፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፣ ከዚያ አፋፍ በቀር የቀራቸው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከከተማ ተቆጣጣሪ መጣ። አፋፉ ላይ አሰልፎን፣ ፊታቸው ላይ ጣቱን ዘረጋና "አንተ፣ ስንት ነው?" አላቸው፤ በአያት ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ብሎ።

"ጣትዎን ልጠብቅ አልተቀጠርኩም፣ ጌታዬ" አሉ አያ ደስታው።

ሳቃችንን ዋጥነው። ሰውየው ግን ነገሩ ገባው። "ዕውር ፓርክ አይጠብቅም" ብሎ ወደ እኔ ዞረና፣ "አንተ ልጅ፣ ጠመንጃውንም ካፖርቱንም ተቀበለው" አለኝ። ጠመንጃውን ራሳቸው ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። ካፖርቱ ላይ ሲደርስ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። "ይህ የእኔን ዝናብ ነው የጠጣው፤ አልሰጥም" አሉ።

እንዲህ እንዳለን የከሰዓቱ ጉም ተነሥቶ ሁላችንንም ዋጠን።

"ጌታዬ፣ አሁን ምን ይታይዎታል?"

"ጉም ነዋ!"

"ለእኔም ጉም ነው። እኩል ሆነናል። እስቲ ጸጥ ይበሉና እንስማ።"

ጸጥ አልን። እኔ ነፋስ ብቻ ነው የሰማሁት። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና፣ በድንገት እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ጥሩምባ አቆልምመው "ባለ በቅሎ! ባለህበት ቁም! ፊትህ ገደል ነው! ወደ ቀኝህ ያዝ!" ብለው ጮኹ። ቆይቶ አንድ በቅሎ ነጂ ፊቱ አመድ መስሎ ከጉሙ ብቅ አለ፤ የበቅሎዋ ጭነት ተንሸራቶ ሆዷ ሥር ተንጠልጥሏል። "አንዲት እርምጃ ነበር የቀረኝ! ማን ነው የጠራኝ?" እያለ የሁላችንንም ጉልበት ሊስም ይሯሯጣል።

ተረት ቢሆን ኖሮ ተቆጣጣሪው እዚህ ላይ ይቅርታ በጠየቀ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ፈርሞ አጠፈና ዓይን ዓይኔን እያየ "ተቀበለው አልኩህ" አለኝ። በዕድሜዬ ለአለቃ እምቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በአፌ አይደለም፤ እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ሌሎቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ተቆጣጣሪው ራሱ ሊገፍፋቸው ሲጠጋ በቅሎ ነጂው መሀል ገብቶ ቆመ፤ አለንጋውን እንደያዘ።

እኔ ያን ክረምት ከሁሉ የራቀው ጥበቃ ላይ ለብቻዬ እንድከርም ተፈረደብኝ። አያ ደስታው ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ በቅሎ ነጂው እየመራቸው፣ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው ቁልቁለት ወረዱ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቄስ ይህንኑ ካፖርት አመጡልኝ፤ "ሰውየው ዐረፉ። አዳምጥ ብለውሃል" አሉኝ፤ ሌላ መልእክት አልነበረም።

ዛሬ ያ ጸጥታ የለም። የመኪና ጥሩምባና የጄኔሬተር ጩኸት አለ፤ ወጣቶቹ ጠባቂዎች ደጋግ ልጆች ናቸው፣ ጆሯቸው ውስጥ ግን ዘፈን ሰክተው ይውላሉ። በእነሱ አልፈርድም፤ የእኔም ጆሮ የጭላዳውን ገብስ ከዋልያው ቀጭታ መለየት ካቆመ ሰንብቷል፤ ካጣሁት ሁሉ እሷ ታንገበግበኛለች። ልጄ፣ የሰብለ አባት፣ "አባ፣ መኪና ሲመጣ እንኳ አይሰሙም፤ ከእንግዲህ ከቤት አይውጡ። ካፖርቱንም ለባለ ማረፊያው ይስጡት፣ ክብር ነው" ይለኛል። ክብር! ልብሱ የሚሰቀል የሞተ ሰው ነው።

ትናንት ባለ ማረፊያው መልሱን ሊሰማ መጣ። "ልጄ፣ ግድግዳ አይበርደውም፤ እኔን ይበርደኛል" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ሰብለ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ካፖርቱን አለበሰችኝ፤ አንዱ ቁልፍ የለም፣ የቀሩትን ቆለፈችልኝ፤ አባቷ ደጁ ላይ ቆሞ እያየ ወጣን።

ጉሙ ሲመጣ አፋፉ ላይ ተቀምጬ መዳፌን ዐለቱ ላይ ዘረጋሁ። አያ ደስታው ዓይን ሲያጡ ጆሮ ነበራቸው፤ እኔም ጆሮ ባጣ መዳፍ አለኝ። ብዙ ቆየሁ። ብርዱ አጥንቴ ሲደርስና ሰብለ "እንሂድ" ብላ ክንዴን ስትይዝ፣ አንድ ትንሽ ንዝረት ከዐለቱ ሥር መዳፌን መታ። ዝም አለ። ቆይቶ እንደገና መታ።

እግሩን አስቦ የሚጥል ነው። "ገና ነኝ" አልኳት።