የዘበኛው ካፖርት

መስቀል ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ የእንጦጦ ብርድ ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ወርዶ አልመለስ ብሏል። የልጄ ትምህርት ቤት ሽማግሌ ዘበኛ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን በሩ ላይ እያቆሙ የሹራባቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ይቆልፉላቸዋል። በዚህ ምክንያት ሰልፉ ይረዝማል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ይጠብቀኛል።

«አባባ፣ ፀሐይ እኮ ወጥታለች!» አልኳቸው አንድ ቀን ተናድጄ።

«ወጥታ ምን አደረገች?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ይቺ ፀሐይ ለዓይን ብቻ ነች።»

ረጅም ናቸው። ሲቆሙ ተረከዛቸውን ያጋጥማሉ። ኮፍያቸው ላይ ክር የተጠመጠመበት መርፌ ሰክተዋል። አሮጌ አረንጓዴ ካፖርታቸውን ወገባቸው ላይ በሲባጎ ያስሩታል፤ ለራሳቸው ግድ የሌላቸው ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ የልጄን ሹራብ ሳጥብ፣ ከትንንሾቹ ነጭ ቁልፎች መሃል አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አገኘሁ። ጠበቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ሰኞ ሰልፉ ላይ ሌሎቹንም ልጆች አየኋቸው፤ እዚህም እዚያም ደረታቸው ላይ አረንጓዴ ቁልፍ አለ።

«አባባ፣ ስፌት የት ተማሩ?»

«ግንባር» አሉኝ። «ለጓዶቼ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ልጆች ነበሩ።»

ካፖርታቸው ላይ የቀረው አንገታቸው ስር ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።

ከኋላዬ የነበረችው ሕፃን ቁልፉ የወደቀበትን ሹራቧን ደረቷ ላይ በእጇ ጨብጣ ቀረበች። አዩዋትና እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ።