የዝንጀሮ ራስ በእመቤታችን ቤት

ወሬውን የሰማሁት በምሥራች ድምፅ ነው። ደብረ ማርቆስ ቢሮ ሳለሁ፣ ከአምበር ወዲያ ያለችው የገጠር ማርያም ቄሰ ገበዝ ደወሉልኝ። የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«እኅተ ማርያም፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ዝንጀሮዎቹን አስወገድናቸው።»

«የምን ዝንጀሮ፣ አባ? እህል አጠፋ?»

«ኧረ የግድግዳዎቹን! በመጋዝ ሙልጭ!»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥሁ።

የአርሲ ልጅ ነኝ። ጎጃም የገባሁት የጥንት አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደተገነቡ ላጠና ነው። የመጀመሪያ የሥራ ቀኔም እዚያችው ማርያም ነበር። ነጠላዬን አመሳቅዬ ሜትር ዘረጋሁ። ግድግዳው በአክሱም ዘመን ዘዴ የቆመ ነው፤ ድንጋይ በጭቃ ይደረደራል፣ በላዩ ወይራ ይጋደማል፣ ደግሞ ድንጋይ ይቀጥላል። አግዳሚዎቹን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያስር አጭር ግንድ አለ፤ ጫፉ ከግድግዳው ብቅ ብሎ ይታያል። ባለሙያ ሁሉ «የዝንጀሮ ራስ» ይለዋል። ቄሰ ገበዙ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስሙን ብቻ ነገርኋቸው። ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። የገባቸው መስሎኝ ነበር።

ከስልኩ በኋላ ባገኘሁት መኪና ሄድሁ። ግድግዳው እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ሆኗል።

«አባ፣ እንጨት እኮ ነው! ስሙ ብቻ ነው ዝንጀሮ!»

«ያልሽውስ አንቺው። አባቶቻችን ሳያውቁ ኖሩ፤ እኛ ካወቅን ወዲያ በእመቤታችን ቤት ላይ ዝንጀሮ ተሰክቶ እንዴት ዝም እንበል?»

«የተቆረጡትስ የት አሉ?»

«ምእመናኑ ወሰዷቸው።»

«ለማገዶ?»

ክው አሉ። «አንቺ ልጅ! የቤተ ክርስቲያን እንጨት ይነዳል? ለበረከት ነው እንጂ!»

ግድግዳ ላይ ሲሆን ዝንጀሮ፣ ቤት ሲገባ በረከት! «አቤቱ ትዕግሥት ስጠኝ» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

«አሜን» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ከልባቸው።

በእነዚያ ጫፎች ላይ የጥንቱ አናጢ የመጥረቢያ ምት ነበረ። ሕንፃው ባንድ ጊዜ የተሠራ ይሁን ወይስ ኋላ የተቀጠለ፣ የምለየው በዚያ ነበር። የጫፎቹን ንድፍ ገና አንሥቼ አልጨረስሁም ነበር። ያለ እነሱ ጥናቴ ግማሽ ነው።

በዚህ ሥራ የተማርሁት ይህን ነው፦ የሙያ ስም የሚናገር ሰው ትርጉሙንም እዚያው ይናገር።

ጫፎቹ በተቆረጡ ቀን እዚያ የነበራችሁ ምእመናን፣ በረከቱን መልሱ አልልም፤ ከቤታችሁ ይኑር። ብቻ አትጥረቡት፣ ቅባትም አታስነኩት። ከየትኛው ግድግዳ፣ ከበሩ በየት በኩል እንደተቆረጠ ለቄሰ ገበዙ ንገሩልኝ። በየቤታችሁ እየመጣሁ፣ ተሳልሜ እለካዋለሁ።