ልጄ ሥርዓት ልትቀይር ነው

ልጄ በስልክ «ያልተፈቀደ ሥርዓት ነው የምጭነው፤ አሮጌውን አጥፍቼ በአዲስ እቀይረዋለሁ» ስትል ስሰማ የያዝሁት ወንፊት ከእጄ ወደቀ። ቡሬ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ባለፈው ክረምት ለእረፍት ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ሆኖም ሥርዓት እቀይራለሁ ያለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ለማወቅ ትምህርት አያሻም። ከጎረቤት የሚለየን ደግሞ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ራሷ ቁራጭ በቁራጭ የገጣጠመችው፣ ከቁና የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል። ገበያ እንደወጣች በነጠላ ጠቅልዬ ጎታ ውስጥ ባቄላው ሥር ቀበርሁት።

ስትመለስ «እማ፣ ኮምፒውተሬስ?» አለች።

«የምን ኮምፒውተር? እኔ ምንም አላየሁም» አልሁ፤ ለመርማሪ የምመልሰውን እየተለማመድሁ።

ክንዴ ላይ የባቄላ ብናኝ አይታ ወደ ጎታው ዞረች። ያን ጊዜ በሹክሹክታ «ሥርዓት እቀይራለሁ ስትይ ሰምቻለሁ» አልኋት።

ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

«ሥርዓት ያልሁት ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ነው፣ እማ። አንድ የውጭ ኩባንያ ለራሱ ማሽን ብቻ የሠራውን እኔ በገጣጠምሁት ላይ ልጭነው ነው።»

«ቢያውቁብሽ ያስሩሻል?»

«ኧረ። ቢበላሽ አንረዳሽም ይላሉ እንጂ።»

«እስከ ዛሬስ መቼ ረድተውን ያውቃሉ?»

ሳጥኑን አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁላት። የሚመጣባት እንደሌለ ገባኝ፤ ፍርሃቴም ለቀቀኝ። ልጄም እኔም ደህና ነን።