ሽማግሌዎቹ ከመኪናዬ አንወርድም ያሉበት ቀን

መኪናዋን ያየኋት አዳማ ነው፤ ለስብሰባ ሄጄ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ፍለጋ ስዞር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች ነበረች። መስታወቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለቤቱ ወጣት ነጋዴ ነበር። ልጅ ከወለዱ በኋላ ሚስቱ «ወይ እኔ፣ ወይ እሷ» እንዳለችው ሳይደብቅ ነገረኝ። ከዚያ ሞተሯን አስነሳልኝ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አሰላ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወደ ሃምሳው እየተጠጋሁ ነበር። የሚያውቀኝ ሁሉ ትንሽ፣ ነጭ፣ ነዳጅ የማትጠጣ መኪና እንድገዛ ሲመክረኝ ከርሟል፤ እኔም ለዚያችው ነበር ያጠራቀምኩት። ወደ ቤቴ የተመለስኩት ግን ባለ ተርቦዋን ይዤ ነው።

ለሰው የምናገረው ምክንያት አላጣሁም። እኛ ያለንበት ደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተራ ሞተር ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተርቦ ደግሞ በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ ነው፤ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። «ስለዚህ ለአርሲ የተሠራች ናት ማለት ይቻላል» እያልኩ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በሥዕል ጭምር አስረዳሁ። አንዷ ባልደረባዬ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችና «ድምፁን ወደሽው ነው አይደል?» አለችኝ። ሥዕሉን አጥፍቼ ወጣሁ።

የከበደኝ ታላቅ ወንድሜ ጋ መቅረብ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። መኪናዋን ሳስገባ ከተቀመጡበት ተነስተው ሁለት ጊዜ ዞሯት።

«ጥሩ ናት» አሉ። «የላይኛው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሙሉዋ ይቺው ናት ጋሼ።»

«እኔ እኮ የነዳሁት መኪና ጎማው ብቻ ከዚች ይበልጣል፤ አንቺ ልጅ።» አንቺ ልጅ መባሉ እስካሁን አልቀረልኝም።

የተርቦ መኪና ጠባይ አላት። ጠዋት ዘይቷ ሳይሞቅ ማስጮህ አይቻልም። ዳገት ወጥታ ስትቆምም ሞተሯ ወዲያው አይጠፋም፤ ያ ትንሽ ማራገቢያ እንደ ፍም ግሎ ሳለ ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ መዞሩን ስለሚያቆም እዚያው ላይ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመውረዴ በፊት ሞተሯ እየሠራ ትንሽ እንድትበርድ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። ዘይቷም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ የተገኘው ሁሉ ደግሞ አይሆናትም፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣላት። ጎረቤቶቼ ግቢ ውስጥ መሪ ይዤ ዝም ብዬ ስቀመጥ እያዩ፣ መጀመሪያ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏቸው ነበር። ጋሼ ደግሞ በረንዳው ላይ ሆነው «ተኛች?» ይሉኛል። «ትኩሳቷ እንዴት ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ወተት አፍልተው ይዘው መጡ፤ ለእኔ ነው ብዬ ስቀበል «ለእሷ ነበር፣ ግን ጠጪው» አሉኝ።

ፍጥነቷን በተመለከተ ከተማው ውስጥ ብዙ የምናገረው የለኝም። መንገዱ ላይ ያለውን ጉብታ ሁሉ ሆዷ እንዳይነካ በሰያፍ፣ በቀስታ ነው የማልፈው። ጠዋት ጠዋት ልምምድ የሚያደርጉት ሯጮች በጎኔ ያልፉኛል። የማስተምራቸው አሉባቸው፤ እያለፉኝ «እንደምን አደሩ ቲቸር» ይሉኛል፣ ትንፋሽ እንኳ ሳያጥራቸው።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ኮፈኗ ተከፍቶ ጋሼ ጭንቅላታቸውን ከሥሩ አስገብተው ነበር። ስጠጋ ቀና አሉ። ጨርቅ ይዘዋል።

«ዘይቷን ላይ ብዬ ነው» አሉ። «ሥራ ፈትቼ እንጂ ሌላ እንዳይመስልሽ።» ዘይት መለኪያውን በጨርቁ ጠርገው መልሰው ከከተቱ በኋላ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ዘጉት። የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት በር እንደዚያ ነው የሚዘጋው። እኔም ምንም አልመሰለኝም አልኳቸው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የጋሼ ልጅ የሚያገባትን ልጅ አገኘ። ዲክሲስ ከምትባለው የአርሲ ከተማ ናት። ጋሼ፣ የንስሐ አባታችን ቄሱና ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም ለሽምግልና እንዲሄዱ ተቆረጠ። ሚኒባስ ተከራይተን ነበር። በቀጠሮው ጠዋት ሾፌሩ ደውሎ መኪናው መንገድ ላይ እንደተበላሸበት ነገረን። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ጋሼ ወደ መኪናዬ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ።

«ሌላ የለም?»

«የለም ጋሼ።»

ቄሱን ለክብራቸው ከፊት አስቀመጥናቸው። የፊት ወንበሯ ሰውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዝ የእሽቅድድም ወንበር ናት፤ ቄሱ ደግሞ ሞላ ያሉ ሰው ናቸው። ገቡ ከማለት ተሰኩ ማለት ይቀላል። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ስለነካ አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጋሼና ሐኪሙ ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጥፈው ተቀመጡ።

አስፋልቱ ላይ ደህና ሄድን። ግራ ቀኙ የደረሰ ስንዴ ነው። ከዚያ አንድ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መንገዱን ሙሉ ሞልቶ ከፊታችን ገባ፤ ለረጅም ጊዜ አቧራውን እየጠጣን ከኋላው ተንፏቀቅን። «ይቺ ናት እንግዲህ የምትሮጠው?» አሉ ሐኪሙ በትሕትና። ስለዚህ ኮምባይነሩ ወደ ማሳ እንደታጠፈልኝ፣ ለቀረው ዳገት ሁሉ እልሄን ተወጣሁ። ቄሱ በስመ አብ ብለው ጀመሩና እስከ ኮረኮንቹ ድረስ አላቋረጡም።

የልጅቱ ቤት በር ላይ ስንደርስ ሁለት ነገር ትዝ አለኝ። መኪናዋ ግላለች። የቆምነውም ቁልቁለት ላይ ነው። የእጅ ፍሬኗ ደካማ ስለሆነ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ካላጠፋኋት በቀር እግሬን ከፍሬን ማንሳት አልችልም፤ ሳትበርድ ደግሞ አላጠፋትም። ቄሱን ደግሞ የሚስባቸው ሰው ካልተገኘ አይነሱም። ቄሱ ካልተነሱ የኋለኞቹ አይወጡም።

«ትንሽ ትብረድ ጋሼ» አልኩ በሹክሹክታ።

«እዚህም?» አሉ።

በሩ ተከፈተ። የልጅቱ አባት ነጭ ለብሰው፣ ዘመዶቻቸውን አስከትለው ወጡ። «ባጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ማንም አልወረደም። ሞተሯ ይጉተመተማል። ሰውየው ፈገግታቸውን እንደያዙ ጥቂት ጠበቁ፣ ከዚያ ተጠግተው ወደ መስኮቱ ዝቅ አሉ። መስኮቷ ዝቅ ያለች ስለሆነች ወገባቸው እጥፍ ማለት ነበረበት።

«ምነው አባቶቼ? ያስቀየምናችሁ ነገር አለ?»

ቄሱ በመስታወቱ ወደ ጋሼ ተመለከቱ። ጋሼ ለተከበረ ሰው «ማራገቢያ እስኪበርድ ነው» ከሚሉ ቢሞቱ ይመርጣሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ ከኋላ ወንበር፣ ጉልበታቸውን እንደታቀፉ። «ጉዳያችን ካልተሰማ አንወርድም።»

ሰውየው አሰቡ። «ጉዳዬ ካልተሰማ አልቀመጥም ብሎ የሚቆም ሽማግሌ አውቃለሁ» አሉ። «ተቀምጦ አልወርድም የሚል ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«እንግዲህ ጊዜው ነው» አሉ ጋሼ። ወጉን ሳያጓድሉ ከቤተሰቡ ጤና ጀምረው፣ ስለ ልጃችን ጠባይና ሥራ ተናግረው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» እስኪሉ ድረስ ሰውየው መስኮቱ ላይ እንደታጠፉ ሰሙ። ለማኞቹ እኛ ሆነን፣ አጎንባሹ እሳቸው ሆኑ። ፊታቸው ቀላ። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«የተከበሩ ሽማግሌ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወጉ አማክሬ ልመልስላችሁ የሚል ነበር። ወገቤ ግን አማክሮ ጨርሷል። እሺ ብያለሁ። አሁን ውረዱልኝ!»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ቄሱ። ለእሺታው ይሁን ለመውረዱ አላወቅሁም። ሰውየውና የወንድማቸው ልጅ የቄሱን ሁለት ክንዶች ይዘው እየሳቁ አወጧቸው። ቤት ገብተን ጠግበን በላን፤ ቀን ተቆረጠ፣ ሰርጉም በጥር በደስታ አለፈ። የልጅቱ አባት እስካሁን ያንን ቀን ሲያወሩ፣ በኃይለኛ ሽማግሌ እንደተረቱ ነው የሚናገሩት፤ ጋሼም አላረሟቸውም።

ልንመለስ ስንል ጋሼ የመኪናዋ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ቁልፉን አምጪ። እግሬ ደንዝዟል፣ ላፍታታው።»

ከኋላ ገብቼ ጉልበቴን አጠፍኩ። ጋሼ መጀመሪያ የጭነት መኪና እንደሚነዱ በእርጋታ፣ ከሩቅ እያዩ ነዱ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ዘይቱ እንደሞቀ ከመሪው ፊት ካለው የሙቀት መለኪያ አረጋገጡ፤ ይህን እንደሚያውቁ አላወቅሁም ነበር። አንድ ረጅም ዳገት ሥር ስንደርስ ጆንያ የጫነ የጭነት መኪና ጭሱን እያጎነ፣ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይወጣል። ጋሼ ማርሽ ቀንሰው ረገጡ። ተርቦው አፏጨ፣ ጀርባችን ከወንበሩ ተጣበቀ፣ ሐኪሙ ክንዴን ያዙኝ።

በጎኑ ስናልፍ ጋሼ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ለሾፌሩ ሰላምታ ሰጡት። ከዚያ ወደ ኋላ ሲቀር በመስታወቱ አዩት።

«ጭኗል እኮ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ባዶውን ቢሆን እንዲህ አናልፈውም ነበር።»

ባዶውንም ቢሆን እንደምናልፈው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሐኪሙ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጉልበታቸውን ነካ አደረግኋቸው።

«ልክ ነው ጋሼ» አልኩ።