ባለ አንድ እግሩ ጃንጥላ

ዛሬ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ኦሬንጅ ፋርም ዝናብ ሲጥል አንዲት ደንበኛ የተሰበረ ጃንጥላዋን ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቃችን ውስጥ ጥላው ሄደች። ላወጣው ብድግ ሳደርገው የረጠበው ጨርቅ ሽታ ዱራሜ መለሰኝ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ መቆም እንኳ ኃጢአት ነው እያለ ያሳደገን ሰው። ያን ቅዳሜ ግን እጄን ይዞ ቪዲዮ ቤት አስገባኝ። የጃፓን ፊልም ነበር። ባለ አንድ ዓይን አሮጌ ጃንጥላ ምላሱን አውጥቶ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሰው ያባርራል። ከሥሩ ግን የተዋናዩ ሁለተኛ እግር ከነካልሲው ይታያል። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ልፍራ ወይስ ልሳቅ ብዬ ወደ አባቴ ስዞር እያለቀሰ ነው።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚያባርራቸው?»

«ጥለውት ስለሄዱ ነዋ። አንተ ግን እንደሱ አትሁንብኝ፣ እሺ?»

እንዴት ጃንጥላ እንደምሆን ግራ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ። ዳግም ያየሁት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው።

ዛሬ ጃንጥላውን እንደያዝኩ «አባዬ፣ ያ የጃፓን ፊልም ትዝ ይልሃል?» አልኩት።

«እኔ? ቪዲዮ ቤት? በኢየሱስ ስም! ገብቼም አላውቅ።»

እኔ ግን ፊልም አልኩ እንጂ ቪዲዮ ቤት አላልኩም። እሱ ጃንጥላውን ከእጄ ተቀብሎ፣ የተጣመመውን ሽቦ በጥርሱ አቃንቶ፣ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«እንዳትጥለው» አለኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።